ጉባኤው ከውጭ ሲሰማ

ሉማሜ ከአባይ በረሃ ወጥቶ፣ ደጀንን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ ለሚሄድ መንገደኛ ቡና ጠጥቶ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ለእኔ ግን የእናቴ ወንድም፣ የቅኔ መምህሩ የኔታ፣ ያሉባት አገር ናት። እንጀራዬ የአንጎልን ምት መቅዳትና ማጥናት ነው፤ ከጀመርኩት ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ምን እንደምሠራ የኔታ በወጉ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም በወጉ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። ባለፈው ጥር፣ በጥምቀት ማግሥት፣ ግቢያቸው ካለው ወይራ ሥር ቁጭ ብለን ያወራነውን እንዳስታወስኩት ጽፌዋለሁ። መሐል ላይ ቆሎ ይዘው የገቡት እትዬ ጎረቤታችን ናቸው።

የኔታ፦ እስቲ ዛሬስ ንገሪኝ። ሰው ሲጠይቀኝ «የአንጎል ሐኪም ናት» እላለሁ። ውሸት እንዳይሆንብኝ።

እኔ፦ ሐኪምስ አይደለሁም፣ የኔታ። አዳማጭ ነኝ ብል ይቀርባል። በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉ። እያንዳንዱ ጥቂት ኤሌክትሪክ እያመነጨ ለሌሎቹ መልእክት ይሰዳል። እኔ ያን ኤሌክትሪክ እቀዳለሁ።

የኔታ፦ ኤሌክትሪክ ያልሽው ይሄ አምፖል የሚያበራውን ነው?

እኔ፦ የዚያው ዘመድ ነው፤ መንገዱ ግን ሽቦ አይደለም። ሰውነታችን ውስጥ ያለው ውሃ ጨው አለበት። ሶዲየምና ፖታሲየም የሚባሉት የጨው ዘሮች በሕዋሱ ስስ ቆዳ በኩል ሲገቡና ሲወጡ ነው ኃይሉ የሚፈጠረው። ራስ ቅሉን አልፎ ላዩ ላይ ሲደርስ እጅግ ትንሽ ይሆናል። አንቱ ለራዲዮ የሚገዟትን የባትሪ ድንጋይ ኃይል ለ30,000 ቢያካፍሉት፣ አንዱን ክፍል ያህል ነው። በመሣሪያ አጉልተን እናነበዋለን።

የኔታ፦ ከ86 ቢሊዮኑ የትኛውን ትሰሚያለሽ ታዲያ?

እኔ፦ ከላይ ሆኜ አንዱንም ለብቻው አልሰማውም። ለመኅሌት ሌሊት ከቅጥሩ ውጭ የቆመ ሰው የአንዱን ደብተራ ጉሮሮ ለይቶ አይሰማም። ሁሉም መቋሚያቸውን ባንድነት ሲያነሡና ሲጥሉ ግን ምቱ ውጭ ድረስ ይመጣል። የእኔም ጆሮ እንደዚያ ነው፤ ብዙዎቹ የሚስማሙበትን ብቻ ነው የሚሰማው።

የኔታ፦ ምሳሌሽ ግማሽ ነው። መኅሌት ላይ ሁሉ ባንድ ጊዜ አይመታም። ቀኝና ግራው ይቀባበላል፤ ዝማሜው ሌላ ነው፣ መረግዱ ሌላ፣ ጽፋቱ ሌላ። ምሳሌ ከፈለግሽ ንባብ ቤቱን ውሰጂ። ልጆቹ በየጥጋቸው ተቀምጠው አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፣ አንዱ ዳዊት ይደግማል። ሁሉም ይጮሃል፣ ሁሉም የየራሱን። በመንገድ ለሚያልፍ ሰው ምን ይሰማዋል?

እኔ፦ ጉምጉምታ።

የኔታ፦ ጉምጉምታ። ትምህርቱ የሚገባው ግን ያን ጊዜ ነው። ማታ «አቡነ ዘበሰማያት በሉ» ስል ደግሞ ሁሉም ባንድ ቃል ያነሣሉ፤ ገበያው ድረስ ይሰማል። ጸሎቱ ጸሎት ነው፤ አዲስ ንባብ ግን ያን ሰዓት የሚማር የለም።

እኔ፦ የኔታ፣ ለስንት ዓመት ተማሪ ፊት ቆሜ እንዲህ አድርጌ ማስረዳት አልቻልኩም። ልክ እንደዚያ ነው። ሰው ነቅቶ ሲያስብ በወረቀቱ ላይ የምናየው ትናንሽ፣ ፈጣን፣ የተዘበራረቀ መስመር ነው፤ ሕዋሳቱ የየራሳቸውን ሥራ ይዘዋል። ዓይኑን ጨፍኖ አርፎ ሲቀመጥ ከኋላ በኩል በሰከንድ ወደ 10 ጊዜ የሚመታ ለስላሳ ሞገድ ይመጣል፤ አልፋ እንለዋለን። ጭልጥ ብሎ ሲተኛ ደግሞ ሞገዱ ይገዝፋል፣ ይዘገያል፤ በሰከንድ ከአራት ያነሰ፣ አንዳንዴ አንድ ብቻ። ሁሉም አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ያርፋሉ።

የኔታ፦ እንግዲያ የተኛ ሰው አንጎሉ ሥራ ፈት ነው ማለት ነው።

እኔ፦ እኛም ብዙ ዘመን እንደዚያ መስሎን ነበር። ትምህርት ስጀምር የተመደብኩት አይጦች ላይ ነው። ሂፖካምፐስ የሚባል የማስታወሻ ቦታ አለ፤ ለእነሱም ለእኛም። ጆን ኦኪፍ የሚባል ሰው በ1971 እ.ኤ.አ. እዚያ ውስጥ አንዱ ሕዋስ አይጧ አንድ ጥግ ስትደርስ ብቻ፣ ሌላው ሌላ ጥግ ስትደርስ ብቻ እንደሚናገር አሳየ፤ በ2014 ኖቤል ተሸለመበት። አይጧ ስትሄድ ደግሞ ሂፖካምፐሱ በሰከንድ ስምንት ጊዜ ያህል ይመታል፤ ቴታ ይባላል፤ ሕዋሳቱም ምቱን ጠብቀው ነው ተራ የሚገቡት። ከዚያ በ1994 ሁለት ተመራማሪዎች፣ ዊልሰንና ማክኖተን፣ የተኙ አይጦችን ሲቀዱ ቀን መንገድ ላይ አብረው የተናገሩት ሕዋሳት በእንቅልፍም አብረው ሲናገሩ አገኙ። ቀን የሄደችውን መንገድ ሌሊት እየከለሰችው ነበር።

የኔታ፦ ቅኔው አልሞላ ያለውን ልጅ «አሳድረው» እለዋለሁ። ጧት ቤቱ ሞልቶለት ይመጣል። የአባቶቻችን ልማድ ነው ብዬ ነበር የማደርገው። ግን ንገሪኝ፤ ምቱ ራሱ ሥራ ይሠራል ወይስ የሥራው ድምፅ ነው? ፈጪ ስትፈጭ ወፍጮው ይጮሃል፤ ዱቄት የሚያወጣው ጩኸቱ አይደለም።

እኔ፦ በሙያችን ውስጥ ትልቁ ክርክር ይኸው ነው። ወፍጮ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ከበሮ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሕዋስ ሌላውን ለብቻው አያነቃውም፤ ቢያንኳኳም በር አይከፈትለትም። ብዙዎች ባንድ ቅጽበት ሲደርሱ ነው የሚከፈተው። ምቱ ካልገጣጠማቸው እንዴት ባንድ ቅጽበት ይደርሳሉ? ከበሮ ዜማውን አይዘምርም፤ ግን ያለ እሱ ያ ሁሉ እግር እንዴት ባንድ ይነሣል?

የኔታ፦ ይህን ነገር መጀመሪያ ያገኘው ማን ነው?

እኔ፦ ከእንስሳ አንጎል ኤሌክትሪክ መውጣቱን ሪቻርድ ኬተን የሚባል እንግሊዛዊ በ1875 ነግሯል። ከሰው ራስ ላይ የቀዳው ግን ሐንስ በርገር ነው፤ ጀርመን አገር፣ ዬና የምትባል ከተማ የነበረ የአእምሮ ሐኪም። ታሪኩ ይገርማል። ወጣት ወታደር ሳለ ከፈረስ ወድቆ መድፍ ሊጨፈልቀው ለጥቂት ይተርፋል። የዚያኑ ዕለት ከእሱ ርቃ ያለች እኅቱ ልቧ ፈርቶ አባቷን ቴሌግራም አስላከችው። በርገር ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን የሰጠው ሐሳብ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገርበትን ኃይል ለማግኘት ነው። በ1924 የመጀመሪያውን ቅጂ አገኘ። አምስት ዓመት ለማንም ሳይነግር የልጁን የክላውስን ራስ ሳይቀር እየቀዳ አረጋገጠ፤ በ1929 አሳተመ። ቶሎ ያመነው ሰው ጥቂት ነው። በ1934 ካምብሪጅ ውስጥ ኤድጋር አድሪያን በገዛ ራሱ ጭንቅላት ላይ ሞክሮ እውነት ነው አለ፤ ያን ጊዜ ዓለም ተቀበለው።

የኔታ፦ ከእኅቱ የመጣውን ኃይል አገኘው?

እኔ፦ አላገኘውም።

የኔታ፦ ሳኦል የአባቱን አህዮች ፍለጋ ወጥቶ መንግሥት አግኝቶ ተመለሰ። ግቡ፣ እትዬ፤ ደጅ ቆመው ይሰማሉ እንዴ?

እትዬ፦ ጨዋታችሁን ላቋርጥ ብዬ አይደለም፣ የኔታ፤ ስለ ራስ ሕመም ስታወሩ ሰማሁና እግሬ ያዘኝ። የእኔን ልጅ ነገር ያውቃሉ። አንቺ የምትሠሪው በዚያ ሽቦ በሚለጠፍበት መኪና ነው?

እኔ፦ አዎ፣ እትዬ። ኢ.ኢ.ጂ. ይባላል።

እትዬ፦ አስነሥተነዋል እኮ። ስንት ብር ከፍለን፣ ሌሊት ተሳፍረን ሄደን። «ምንም አልታየም» ብለው ወረቀት ሰጡን። ምንም ከሌለበት ብዬ ክኒኑን አስጣልኩት። በአሥራ አምስት ቀኑ ምድጃው ላይ ወደቀ። ይኸው ክንዱ እንደዚያ ሆኖ ቀረ።

እኔ፦ ያ ወረቀት ሲሰጥ አብሮ መነገር የነበረበት ነገር አልተነገረዎትም። መሣሪያው የሚቀዳው የግማሽ ሰዓት ያህል ነው። በዚያ ግማሽ ሰዓት ሕመሙ ካልመጣ ምልክቱን ላያሳይ ይችላል፤ በሽታው ካለባቸው ሰዎች የመጀመሪያው ቅጂ ንጹሕ የሚወጣላቸው ብዙ ናቸው። የሚጥል በሽታ የሚታወቀው በዋናነት ሲጥል ያየ ሰው በሚናገረው ነው። ይንገሩኝ እስቲ፤ ሊጥለው ሲል መጀመሪያ ምን ያያሉ?

እትዬ፦ ቀኝ እጁ። አውራ ጣቱ ትንቀጠቀጣለች። እሱም ያውቀዋል፤ በግራው ጨብጦ ሊይዛት ይሞክራል። ከዚያ አፉ በዚያው በቀኝ በኩል ይጣመማል። ከዚያ ነው የሚጮኸውና የሚወድቀው።

እኔ፦ ይኸውልዎ፣ የኔታ፤ አሁን እትዬ መኪናው ያልነገራቸውን ነገሩን። የቀኙን እጅ የሚያዝዘው የግራ አንጎል ነው። እዚያ ላይ የአውራ ጣት ቦታና የፊት ቦታ ጎረቤታሞች ናቸው። የሕመሙ እሳት የተነሣው በግራ በኩል፣ እጅን ከሚያዝዘው ቦታ ነው፤ ወደ ጎረቤቱ ተዛመተ፤ በመጨረሻ ሁሉን አዳረሰ። ጃክሰን የሚባል የለንደን ሐኪም ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት፣ መሣሪያ የሚባል ሳይኖር፣ አንጎል ላይ የሰውነት ካርታ እንዳለ ያወቀው እንዲህ ዓይነቱን አወዳደቅ በዓይኑ እየተከተለ ነው። የገዛ ሚስቱም በዚያው ትሠቃይ ነበር። በ1870 ጀርመኖች በውሻ አንጎል ላይ በኤሌክትሪክ ነክተው ካርታው መኖሩን አረጋገጡ።

እትዬ፦ ሚስቱም? ምስኪን። እኔ እንኳ ጣቱን ለማንም ነግሬ አላውቅም። የጠየቀኝም የለ።

የኔታ፦ ታዲያ ያ በንባብ ቤቱ የመሰልኩልሽ፣ በዚህ በሽታ ጊዜ ምን ይሆናል?

እኔ፦ አንድ ጥግ ያሉ ልጆች በድንገት አንድ ቃል ብቻ ደጋግመው መጮህ ይጀምራሉ። አጠገባቸው ያለው የራሱን ንባብ ትቶ ይከተላል። ሁሉም ያንኑ ቃል። ያን ጊዜ ማሰብ የለ፣ ማየት የለ፣ እጅና እግርን መግዛት የለ። ሰው አንጎሉ ጠፍቶ የወደቀ ይመስለዋል፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሕዋሳቱ ከልክ በላይ ተስማምተው ነው የጣሉት። መድኃኒቱም የሚያደርገው ይህን ስምምነት ማለዘብ ነው። እትዬ የጣሉት ክኒን ፊኖባርቢቶን ነው?

እትዬ፦ እሱ ነው መሰለኝ። ነጭ፣ ትንሽ። ማታ ማታ።

እኔ፦ ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ ሲሰጥ የኖረ ነው። ርካሽ ነው፣ ጤና ጣቢያ ይገኛል። ግን በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ በርትቶ ይመለሳል። ልጁን ያቃጠለው ይኸው ነው፤ ጥፋቱ ግን የእርስዎ አይደለም። ሰኞ ጤና ጣቢያ እንሂድ፤ እኔ አብሬ እመጣለሁ። ሲጥለውስ ምን ያደርጋሉ?

እትዬ፦ ክብሪት ጭረን እናሸተዋለን። ሌላው ይሸሻል፤ ለሃጩ የነካው ሰው ይይዘዋል ይላሉ። ምድጃው ላይ የወደቀ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው ነበር።

(የኔታ እዚህ ላይ መቋሚያቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው መሬት ላይ አደረጉት። እትዬም ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።)

እኔ፦ ለሃጭ አያስተላልፈውም፤ በምንም መንገድ አይተላለፍም። ክብሪቱም አያነቃውም፤ ሲያበቃ ራሱ ያበቃል። ከእሳት ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ አጠገቡ መቀመጥ ነው። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና ማሮጥ።

እትዬ፦ ጸበሉንስ? ክኒን የዋጠ ጸበል አይጠጣ ብለውኛል።

የኔታ፦ ማነው ያለዎት? ክኒኑን በጸበሉ ያስውጡት። ቢጠይቁዎት እኔ እንዳልኩዎት ይንገሩ።

እኔ፦ የኔታ፣ ይህን በየጸበሉ ቦታ የሚናገር ሰው ቢኖር ስንቱ በተረፈ። እትዬን የጠየቀ የለም ስንል፣ በአገራችን ግን ቤት ለቤት ሄዶ የጠየቀ ሰው አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ቡታጅራ አካባቢ፣ መስቃንና ማረቆ ወረዱ። ሆስፒታል ተቀምጠው በሽተኛ አልጠበቁም። ጠያቂ አሠልጥነው 60,820 ሰው በሚኖርበት ገጠር እያንዳንዱን ደጃፍ አንኳኩ። 316 ሰው የሚጥል በሽታ እንዳለበት ተገኘ፤ ከሺህ ከአምስት በላይ ማለት ነው። የአንጎል ምት ቅጂም የጥናቱ አካል ነበር፤ በ1990 ሲታተም ርእሱ ላይ ሳይቀር አለ። ከነዚያ ሰዎች ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እኔ ይህን ጥናት ያነበብኩት ውጭ አገር፣ የአይጥ ቅጂ ከምተረጉምበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ወደ አገር ቤት የመለሰኝ እሱ ነው ብል አልዋሸሁም።

የኔታ፦ ሺህ ሰው ባለበት አጥቢያ አምስት ቤት። እኔ የማውቀው አንድ ቤት ነው፤ የእትዬን። አራቱ የት አሉ?

እኔ፦ ጓዳ ውስጥ። እኚሁ ፕሮፌሰር በጓያ ሽባነትም ደንቢያና ፎገራ ድረስ መጥተው አጥንተዋል።

የኔታ፦ የጓያውን እናውቀዋለን። በክፉ ቀን ሌላው እህል ሲጠፋ ጓያ ብቻ የበላ ሰው ጉልበቱ ተሳስሮ ይቀራል። እንፋሎቱ ነው የሚሰብረው ይሉ ነበር።

እኔ፦ እንፋሎቱ አይደለም፤ ፍሬው ውስጥ ነርቭ የሚመርዝ ነገር አለ። ብቻውን፣ ለወራት ሲበላ ነው የሚጎዳው፤ ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል። ወደ ሚጥል በሽታው ስመለስ፣ አሁን በጎንደርና በጅማ ዙሪያ የጤና ጣቢያ ነርሶች ሠልጥነው የሚጥል በሽታን ራሳቸው እየተከታተሉ ማከም ችለዋል። አዲስ አበባ ያለ ስፔሻሊስት እስኪደርስ መጠበቅ ግድ አይደለም። የእኔ ማሽን በየገጠሩ ቢገባ ደስ ይለኛል፤ ከማሽኑ በፊት ግን «ጣቱን አይተሃል ወይ» ብሎ የሚጠይቅ ነርስ ቢገባ እመርጣለሁ። ማሽኑማ በሹሩባ ላይ ቅቤ እንኳ ካለ ሽቦው አልይዝ ይለዋል፤ ስንቷን እናት ታጥበሽ ነይ ብለን መልሰናል፤ የተመለሰች ሁሉ ደግማ አትመጣም።

እትዬ፦ ሰኞ እንግዲህ ጧት እጠብቅሻለሁ። ልጁ ብቻውን ነው፤ ልሂድ።

(እትዬ ከሄዱ በኋላ የኔታ ብዙ ዝም አሉ። ቆሎውን አልነኩም።)

የኔታ፦ የሚጥለው ሁሉ ይወድቃል?

እኔ፦ የማይወድቅም አለ። ለምን ጠየቁኝ?

የኔታ፦ ድሮ ከሞጣ በኩል የመጣ አንድ ልጅ ነበረኝ። ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ድምፀ መልካም። ቃሉን እያለ መሐል ላይ ያቋርጠዋል። ዓይኑ ክፍት ነው፤ ሽፋሽፍቱ ብቻ ርግብ ርግብ ይላል። ብጠራው አይሰማም። ዐሥር እስክትቆጥሪ ድረስ ነው። ከዚያ ካቆመበት ቃል ይቀጥላል፣ ምንም እንዳልሆነ። በቀን ስንት ጊዜ። ንቀት መሰለኝ፤ ልቡ ሌላ ጋ ነው አልኩ።

እኔ፦ ምን አደረጉት?

የኔታ፦ መታሁት። በአለንጋ። በተወው ቁጥር። እያለቀሰ «አላወቅኩም፣ የኔታ» ይለኛል፤ እኔም ለውሸቱ እጨምርለታለሁ። አንድ ቀን ሌሊት አኮፋዳውን ይዞ ጠፋ።

እኔ፦ ልጁን አላየሁትም፤ ግን የሚነግሩኝ ነገር ስም አለው። ቦስተን ውስጥ ጊብስ፣ ዴቪስና ሌኖክስ የሚባሉ ሦስት ሰዎች በ1935 እንዲህ ያሉ ልጆችን ቀድተው አሳይተዋል። ልጁ ፈዝዞ ባለበት ሰዓት አንጎሉ ከግራ እስከ ቀኝ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ሹል ሞገድ፣ ከኋላው ደብዛዛ ሞገድ፤ ሹል፣ ደብዛዛ። አይዛነፍም። ሲያበቃ እንደ ተቆረጠ ገመድ ባንዴ ያበቃል።

የኔታ፦ በሰከንድ ሦስት። (በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መቱት።) እንዲህ?

እኔ፦ ትንሽ ይፍጠን። አዎ፣ እንደዚያ።

የኔታ፦ ንባብ ቤቱ ሁሉ አንድ ቃል ሲል። ያን ጊዜ የሚማር የለም ብዬሽ ነበር።

እኔ፦ የሚሰማም የለም። እውነቱን ነበር፤ አላወቀም።

የኔታ፦ አድጎ ይሆናል። ይተወዋል?

እኔ፦ ብዙዎቹን ወደ ጉርምስና ሲገቡ ይተዋቸዋል። መድኃኒትም አለው፤ ፊኖባርቢቶን ለዚህኛው አይሆንም፤ ሌላ ነው። መሣሪያ እስኪገኝም መጠርጠር ይቻላል፤ ልጁን ፊቱ ላይ ወረቀት ይዞ ሦስት ደቂቃ ያህል በጥልቁ እየተነፈሰ እንዲነፋው ያደርጉታል። ትንፋሹ ሲበዛ ፈዘዝታው ዓይንዎ ፊት ይመጣል። ወረቀቱ መንቀሳቀስ ያቆማል። ሐኪም ቤት ውስጥ የምናደርገውም እሱኑ ነው።

የኔታ፦ ወረቀትና ትንፋሽ።

እኔ፦ ወረቀትና ትንፋሽ።

የኔታ፦ አሁንም አንድ አለ። ከቢቸና በኩል የመጣ፤ ጥቅምት ላይ ነው የተቀበልኩት። ትናንት አለንጋውን አንሥቼበት ነበር፤ ሰው ጠርቶኝ ወጣሁ። ነገ ከኪዳን በኋላ ነይ። ልጁን እዚህ ወይራው ሥር አስቀምጥልሻለሁ። ወረቀቱን እኔ አዘጋጃለሁ።